አንጀት የሚበላ ዜማ ከየት ይለመዳል?

መምህር ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1950 እንጦጦ ተወለዱ። የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ ስመ ጥሩው በገና ደርዳሪ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጎረቤታቸው ሆነው መጡ። አለቃ ተሰማ ታዳጊው በሚማሩበት ትምህርት ቤትም በገና ያስተምሩ ነበር፤ ስለዚህ ያ ድምፅ በሰፈርም በትምህርት ቤትም የማይጠፋ ሆነ። ዓለሙ ከእርሳቸው ተማሩ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ጂኦግራፊ አጠኑ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ፤ ድርደራቸውም ኢትዮፒክስ የተባለው የአልበም ተከታታይ 11ኛ ቅጽ ሆኖ ከአገር ውጭ ተሰማ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር ጉርብትናው ነው። ልብ ለበገና የሚከፈተው በተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አለቃ ተሰማ እንጦጦ ቢሰፍሩ ጅማ ቢሰፍሩ ለውጥ አይኖረውም ነበር።

በዐቢይ ጾም ከሽሮ ሜዳ ወደ ፒያሳ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው በገና ሲያሰማ አንዱ ተሳፋሪ አቀርቅሮ ከንፈሩን ይነክሳል፣ አጠገቡ ያለው ስልኩን ይጎረጉራል። ሁለቱም ጤነኛ ጆሮ አላቸው፤ ቃሉም ለሁለቱም አማርኛ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ሁለተኛው ሰው ቢፈልግ የመጀመሪያውን ስሜት ሊማረው ይችላል? ወይስ ስሜት ከእናት ማሕፀን ይዘውት ካልወጡ የማይገኝ ነገር ነው? ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ ግን የነርቭ ተመራማሪዎችን፣ የዜማ ሊቃውንትንና የባህል አጥኚዎችን ለረጅም ዘመን ሲያነጋግር ኖሯል። የአዲስ አበባው ጉለሌ ደግሞ መልስ ለመፈለግ የተመቸ ሰፈር ነው። ላይ እንጦጦ ማርያምና ራጉኤል አሉ፤ ታች ሽሮ ሜዳ ላይ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ይኖራሉ፤ መንዙማ የሚያደምጠው፣ የወንጌላውያን ኅብረ ዝማሬ የሚዘምረው፣ ትዝታ የሚያቆዝመው ሁሉ በአንድ ቀበሌ ይገናኛል።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። አንድ ዜማ የሐዘን መሆኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ከዜማው ጋር አብሮ ማዘን ሌላ። ስዊድናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ አልፍ ጋብሪየልሰን ይህን ልዩነት ግልጽ አድርገው ጽፈዋል። ብዙ ክርክር የሚጦዘው ሁለቱ ስለሚቀላቀሉ ነው። ስልኩን የሚጎረጉረው ተሳፋሪ በገናው የንስሐና የሐዘን ድምፅ መሆኑን ቢጠየቅ ሳያመነታ ይናገራል። የጎደለው እውቀቱ አይደለም።

ማወቁን በተመለከተ ተፈጥሮ ድርሻ እንዳላት ጠንካራ ማስረጃ አለ። ቶማስ ፍሪትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ካሜሩን ተራሮች የሚኖሩና የምዕራባውያን ሙዚቃ ሰምተው የማያውቁ የማፋ ሰዎች የደስታ፣ የሐዘንና የፍርሃት ተብለው የተዘጋጁ የፒያኖ ቅንጭቦችን በግምት ከሚገኘው በላይ ለይተዋል። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ላሉ ሕፃናት በማያውቁት ቋንቋ የተዘፈኑ የሩቅ አገር እሹሩሩዎች ሲሰሙላቸው፣ እሹሩሩ ካልሆኑ ዘፈኖች ይልቅ የልብ ምታቸው እንደሚረጋ አሳይቷል። ዝግ ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ የተደጋገመ ድምፅ ሰውን ያረጋጋል፤ ፈጣንና ጩኸት የበዛበት ያነቃል። ይህን ያህሉን ማንም አላስተማረንም።

ከዚህ በላይ ግን ተፈጥሮ ብዙ አትወስደንም። ጆሽ ማክደርሞት የመራውና በ2016 ኔቸር ላይ የወጣው ጥናት ቦሊቪያ ደን ውስጥ ከሚኖሩት የቺማኔ ሰዎች ዘንድ ሄዶ ነበር። የአውሮፓ ጆሮ ተስማሚ የሚለውን የድምፅ ጥምረትና ጆሮ ይቆረቁራል የሚለውን ቺማኔዎቹ እኩል ደስ የሚሉ ብለው መዘኗቸው። ብዙ ሰው የተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ይቆጥረው የነበረው ምርጫ አብሮ ከማደግ የመጣ ሆኖ ተገኘ።

ለእኛ ግን ከካሜሩንና ከቦሊቪያ ይልቅ ቅርብ የሆነ ማስረጃ አለ፤ እርሱም ትዝታ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። እነዚሁ አምስት ድምፆች በቻይና የሕዝብ ዜማ፣ በስኮትላንድ መዝሙር፣ በአሜሪካ የልጆች መዝናኛ ዘፈን ውስጥ ሞልተዋል፤ የእነዚያ አገሮች ሰው ሲሰማቸው አብዛኛውን ጊዜ ብሩህ፣ የዋህ፣ ደስተኛ ይላቸዋል። በእኛ አገር ግን ማሲንቆው ወይም ክራሩ እነዚያኑ ድምፆች በዝግታ ሲደረድር፣ ገና አንድ ቃል ሳይዘፈን፣ ሰው ይቆዝማል። ያለፈ ፍቅር፣ የሞተ ዘመድ፣ የተለዩት አገር ይመጣበታል። ድምፆቹ ውስጥ ሐዘን የለም። ሐዘኑን ያስቀመጥንበት እኛ ነን፤ ካሳ ተሰማ፣ አስናቀች ወርቁ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ በዛወርቅ አስፋው እየተቀባበሉ ለትውልድ አስቀመጡበት። ልጅ ደግሞ እናቱ ያንን ዜማ ስትሰማ ፊቷ ሲለወጥ እያየ ያድጋል። የትዝታ ትምህርት የሚጀመረው እዚያ ይመስለኛል፤ ከዜማው በፊት ፊት ይነበባል።

ሽሮ ሜዳ ላይ ጉዳዩ በሌላ ገጹ ይታያል። እዚያ ያለው የሸማ ሙያ በአብዛኛው የዶርዜና የሌሎች የጋሞ ሰዎች እጅ ሥራ ነው። የዶርዜ ዝማሬ ብዙ ድምፅ ያለው ነው፤ አንዱ ሲመራ ሌሎቹ በየራሳቸው መንገድ ይገቡበታል፣ አጫጭር ድምፆች ይቆላለፋሉ፣ ማንም ብቻውን ሙሉውን ዜማ አይይዝም። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ በርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀርጾ ካሳተመው በኋላ የውጭ አድማጮች በዓለም ካሉ ድንቅ የኅብረ ድምፅ ባህሎች አንዱ አድርገው ይጠቅሱታል። አንድ ዜማ ሁሉም በአንድነት የሚያዜምበትን ባህል ይዞ ያደገ የጎንደር ወይም የሸዋ ጆሮ ግን በመጀመሪያ ሲሰማው ማንን እንደሚከተል አያውቅም፤ ግርግር ይመስለዋል። በመስቀል ሰሞን፣ በዮ ማስቃላ፣ እዚያው ክብ ውስጥ ቆሞ ለሚያዜመው የጋሞ ልጅ ግን ያ መቆላለፍ ቤተሰብ መሆን ማለት ነው። የሁለቱ ቤቶች አጥር አንድ ሊሆን ይችላል። ጆሮአቸውን የለየው ማን አጠገብ ቆመው እንዳዜሙ ነው።

እዚህ ላይ የአንጎል ሳይንስ የሚያቀብለን ጥሩ ቁልፍ አለ። ሌናርድ ማየር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ስሜትንና ትርጉምን በሚመለከት መጽሐፉ፣ ሙዚቃ ስሜት የሚፈጥረው የምንጠብቀውን በማዘግየትና በማሟላት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2011 ቫሎሪ ሳሊምፑርና የሞንትሪያል ባልደረቦቿ ሰዎች ሰውነታቸውን የሚያንዘፈዝፍ የራሳቸውን ምርጫ ሙዚቃ ሲያደምጡ አንጎላቸውን መረመሩ። ዶፓሚን የተባለው የደስታና የፍላጎት ንጥረ ነገር ሁለት ጊዜ ሲፈስ አገኙት፤ ከፍታው ከመድረሱ ጥቂት ሴኮንዶች በፊት በአንድ የአንጎል ክፍል፣ ከፍታው ላይ ሲደርስ በሌላ። ስሜቱ ግማሹ በመጠበቅ ውስጥ ነው ማለት ነው። መጠበቅ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ለማያውቅ አይቻልም። ታክሲው ውስጥ ስልኩን የሚጎረጉረው ሰው በገናው ወዴት እንደሚሄድ ስለማያውቅ የሚጠብቀው ነገር የለውም፤ የሚጠብቀው ስለሌለው ሲመጣለትም አያውቀውም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ ሥርዓት ከዚህ በፊት ባልገባኝ መንገድ ገባኝ። ሰዓታት ብቻ ሳይሆን ሳምንታት የሚፈጅ የመጠበቅ ትምህርት ነው። እንጦጦ ማርያም፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡባት ደብር፣ በዐቢይ ጾም መባቻ ከበሮዋን ታሳርፋለች። 55 ቀን ከበሮ አይመታም፣ ጸናጽል አይንሿሿም። ጾመ ድጓው በመቋሚያ ዝማሜ ብቻ ይባላል። እሑዶቹም የሚጠሩት ቅዱስ ያሬድ በሰጣቸው ዜማ ነው፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። ሰርግ የለም፣ ዘፈን ይቀንሳል፣ በገናው የሚሰማው በዚህ ወቅት ነው። ከዚያ ሰሙነ ሕማማት ይመጣል፤ ስግደቱ ጉልበትን፣ ረጅሙ ንባብ ትዕግሥትን ይፈትናል። የትንሣኤ ሌሊት ጧፍ በርቶ ከበሮው ሲመታ የሚሰማው ስሜት ከከበሮው ብቻ የመጣ አይደለም። ያው ከበሮ ጥር ላይ ጃን ሜዳ ተመቶ ነበር፤ ሕዝቡ አጨብጭቧል፣ ዘሏል፣ እንዲህ ግን አላለቀሰም። ሌሊቱን ያን ያህል ያከበደው ከዚያ በፊት የነበረው ዝምታ ነው። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ ይህን ያለፈበት ልጅ ማንም ስለ ስሜት ትምህርት ሳይሰጠው ከበሮን መናፈቅ ተምሯል።

ሊቃውንቱ ይህን በዘፈቀደ አላደረጉትም። ዜማው በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ተከፍሎ ለየወቅቱ ተመድቧል፤ አራራይን ልብን የሚያራራ ይሉታል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን አደራጅተው ለትውልድ አቆዩ። ምልክቶቹ ድምፁ የት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ብቻ አይናገሩም። ይዘቱ የጌታን መያዝ፣ ጭረቱ የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርኩ የደሙን መንጠባጠብ እንዲያስታውስ ተደርጎ ይተረጎማል። የድጓ ተማሪ ድምፁን ሲያርከፈክፍ ምን እያየ እንደሚያርከፈክፍ አብሮ ይነገረዋል። በእኔ ግምት በዓለም ላይ ስሜትን ከድምፅ ጋር በዚህ ያህል ግልጽነት አስተሳስሮ የሚያስተምር ሥርዓት ብዙ አይገኝም። ተማሪው ደግሞ ይህን የሚቀስመው በመጽሐፍ አይደለም። መምህሩ ያዜማል፣ ተማሪው ይቀጽላል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይቀጽላል፤ ዓመታት ያልፋሉ። ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረው፣ ዛፍ ላይ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው የተሳካለት የትል ታሪክ፣ በየዜማ ቤቱ ለተማሪ የሚነገረው ለዚህ ነው።

የያሬድ ገድል ሌላም ነገር ይነግረናል። ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር ሳያውቅ ያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ያሬድም ዜማውን እስኪፈጽም ሕመሙ አልተሰማውም። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ለያሬድ ክብር ነው፤ እኔን ግን ንጉሡ ይገርመኛል። አድማጩም እንደ ዘማሪው ራሱን እንዲስት የአክሱም ባህል ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። መመሰጥ የዘማሪው ብቻ ችሎታ ሳይሆን የአድማጩም ሙያ ተደርጎ ተስሏል።

በገናው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በጉለሌ ተራራ ላይ ከምንሰማቸው ሁሉ ለስሜት ትምህርት እንደ እርሱ የተዘጋጀ መሣሪያ አላውቅም። አሥር አውታር አለው፣ ከበግ አንጀት የተፈተለ። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዝራ የሚባል ቀጭን የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ አውታሩ ሲነካ ቆዳውን እየመታ ያንን የሚነዝር፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰጣል። እንዝራው በትክክል ካልተቀመጠ በገናው ይደነቁራል። ቤልጂየማዊቷ ስቴፋኒ ቫይሰር በገናን ለረጅም ዓመታት ስታጠና ትኩረቷ ይህ ንዝረት ነበር። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ደረት ላይ ይሰማል። ደርዳሪው አይጮኽም፣ ቃሉን ዝቅ አድርጎ ይናገረዋል እንጂ። ይዘቱም ሞት፣ የዓለም ከንቱነት፣ ምሕረት መለመን ነው። ድርደራው ይደጋገማል፣ ይዞራል፣ እዚያው ይመለሳል። በዚህ ምክንያት በገና ለቸኮለ ሰው ምንም አይሰጥም። የሦስት ደቂቃ ዘፈን የለመደ ጆሮ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ለውጥ ይጠብቃል፤ ለውጡ አይመጣም፤ ተሰላችቶ ይተወዋል። ከአሥረኛው ደቂቃ በኋላ የቀረ ሰው ግን መደጋገሙ ራሱ ሌላ ነገር ይሆንለታል፤ ትንፋሹ ከድርደራው ጋር ይስተካከላል፣ ሐሳቡ ወደ ውስጥ ይዞራል። ስለዚህ ለበገና የመጀመሪያው ትምህርት መቀመጥ መቻል ነው። በደርግ ዘመን በገና ከመገናኛ ብዙኃን ሲገለልና ትምህርቱ ሲዳከም፣ መምህር ዓለሙም ማስተማሩን ትተው ሱቅ ሲከፍቱ፣ የጠፋው ደርዳሪ ብቻ አልነበረም። ለመቀመጥ የሰለጠነ አንድ ትውልድ አድማጭም አብሮ ቀረ።

ሐዘንን በድምፅ የሚያስተምር ሌላም ቤት ነበረን፤ ለቅሶ ቤት። ሙሾ አውራጇ ሟቹን በስሙ፣ በሙያው፣ በደግነቱ እያነሳች ስታዜም፣ ለይሉኝታ የመጣው ጎረቤት ሳይቀር የራሱን ሙት አስታውሶ ያለቅስ ነበር። ሰው ለቅሶ ቤት የሚገባው ሁልጊዜ አዝኖ አይደለም፤ እዚያ ነው የሚያዝነው። ልጆች በእናታቸው ነጠላ ሥር ቁጭ ብለው መቼ እንደሚለቀስ፣ መቼ እንደሚታረፍ፣ ማን ማንን እንደሚያጽናና በዜማው ይማሩ ነበር። በሌላው ጫፍ ሽለላና ቀረርቶ ደምን ያሞቁ ነበር። ዛሬ በጴጥሮስ ወጳውሎስ መካነ መቃብር አካባቢ በሚያልፈው የቀብር ሥነ ሥርዓት የሚሰማው ባብዛኛው መዝሙር ነው፤ ሙሾ በከተማ እየራቀ ሄዷል። ምክንያቱን እረዳለሁ፤ ቤተ ክርስቲያንም ፊት መቧጨሩንና ደረት መድቃቱን ስትቃወም ቆይታለች። ሆኖም ሙሾ ሲቀር ሐዘንን በኅብረት የሚያሰማ አንድ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ መካድ የለብንም።

ባዕድ የነበረ ድምፅ በአንድ የዕድሜ ዘመን ውስጥ የራስ ስሜት ሊሆን እንደሚችል የከተማችን የነሐስ ባንድ ታሪክ ይመሰክራል። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ኒኮላስ 2ኛ የነሐስ መሣሪያዎችን ለምኒልክ ላኩ። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አመጡ፤ አርባ ልጆች ተብለው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥት ባንድ ሆኑ። ለዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ሰው ትሮምፔትና ትሮምቦን የሰልፍና የመንግሥት ድምፅ ነበሩ፤ አንጀት የሚበላ ነገር አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግን የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች የትዝታንና የአንቺ ሆዬን ቅኝት በሳክስፎን ተጫወቱት። አሁን ያ የሳክስፎን ድምፅ ሲሰማ የአባቶቻችን ወጣትነት፣ የጠፋው የአዲስ አበባ ምሽት ይታሰበናል። መሣሪያው አልተለወጠም። በቅኝታችን ተጫወትንበት፣ ፍቅራችንንና ስንብታችንን አከማቸንበት።

በስደት ያለው ወገን ይህን ሂደት ገና እየኖረው ነው። ኬይ ካውፍማን ሼለሜይ በ2022 ባወጣችው መጽሐፍ በአሜሪካ ያሉ የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች ማኅበረሰቡን በመጠበቅና በመሰብሰብ ያላቸውን ሚና ዘርዝራለች። ዋሽንግተን ተወልዶ ያደገ ልጅ ትዝታ ሲሰማ የሚናፍቀው ምንድን ነው? አገሩን አያውቀውም። የሚናፍቀው የወላጆቹን ናፍቆት ይመስለኛል። ይህ ሐሰተኛ ስሜት አይደለም፤ እኛም ብንሆን አብዛኛውን የትዝታ ሐዘናችንን የተቀበልነው ከሌላ ሰው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ፤ ምንም የማይሰማውስ? እዚህ ላይ ሳይንሱ ሰውን ከወቀሳ የሚያድን ግኝት አለው። ኤርነስት ማስ ኤሬሮና የባርሴሎና ባልደረቦቹ በ2014 እንዳሳዩት፣ ከሙዚቃ ምንም ደስታ የማያገኙ ጤነኛ ሰዎች አሉ፤ በሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ገንዘብ በሚያሸልም ጨዋታ፣ እንደማንኛውም ሰው ይደሰታሉ። የሚሰሙትም በደንብ ነው፤ ዜማው ያዘነ መሆኑንም ይለያሉ። ግምቱ ከ100 ሰው ከ3 እስከ 5 ይሆናሉ ይላል። በ2016 የተከተለው ጥናት በእነዚህ ሰዎች አንጎል ውስጥ ድምፅ የሚሰማው ክፍልና ደስታን የሚመዝነው ክፍል በሙዚቃ ጊዜ ደካማ ግንኙነት እንዳላቸው አሳየ። እንዲህ ያለ ሰው በቅዳሴ ሲያዛጋ ልቡ ደነደነ፣ ሰርግ ላይ ዝም ሲል ትዕቢተኛ ነው ይባላል። እንዲህ መባሉ ያሳዝነኛል። ሃይማኖቱ ወይም ለሰው ያለው ፍቅር በእንባው አይለካም። ከዚህ የተለየው ደግሞ ድሮ በዜማ ይነካ የነበረ፣ አሁን ግን ከዜማውም ከምግቡም ከወዳጁም ደስታ ያጣ ሰው ነው፤ ያ የድብርት ምልክት ሊሆን ስለሚችል የሚያስፈልገው ሐኪም ነው።

ለቀሪው፣ ለብዙው ሰው፣ በአዋቂነትም መማር ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ሮበርት ዛዮንክ በ1968 ነገርን ደጋግሞ ማየትና መስማት ብቻውን መውደድን እንደሚያሳድግ አሳይቷል። ሳይኪ ሉዊና ባልደረቦቿ በ2010 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በየትኛውም አገር ሕዝብ ዘንድ የሌለ የድምፅ ሥርዓት ወስዶ፣ ሰዎች በግማሽ ሰዓት ያህል ማድመጥ ብቻ ሥርዓቱን መልመድ እንደሚጀምሩ፣ የተደጋገመላቸውንም ዜማ ይበልጥ እንደሚወዱ አሳየ። ግማሽ ሰዓት! ጆሮ ከምናስበው በላይ ፈጣን ተማሪ ነው። ነገር ግን እነዚህ ጥናቶች የለኩት መልመድንና መውደድን ነው፤ ከዚያ ወደ መነካት ያለውን መንገድ የላብራቶሪ ማዳመጫ አያሻግርም። የሚያሻግረው ሰው ነው። ጉለሌ ውስጥ ያየናቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ ዜማ ቤቱ፣ ለቅሶው፣ የጋሞው ክብ፣ የእናት ፊት፣ አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ ተማሪው ብቻውን አይደለም፣ ስሜቱን አስቀድሞ የያዘ ሰው አጠገቡ አለ፣ ለዜማውም የተወሰነ ጊዜና ምክንያት አለው።

በዚህ ሚዛን ስመዝነው የዛሬው የማድመጥ ልማዳችን ያሳስበኛል። በማዳመጫ ብቻችንን እንሰማለን፤ ሠላሳ ሴኮንድ ሰምተን እናልፋለን፤ በጾምም በፋሲካም፣ በሰርግም በለቅሶም ሁሉም ድምፅ በአንድ ስልክ ውስጥ ሁልጊዜ ክፍት ነው። የምንሰማው ዜማ ከአያቶቻችን እጅግ ይበዛል፤ የምንጠብቀው ግን የለም። ለልጆቻችንም በትምህርት ቤት የሙዚቃ መሣሪያ ስምና ክፍሎች እናስተምራለን፤ ማሲንቆ አንድ ገመድ፣ ክራር አምስት ወይም ስድስት፣ በገና አሥር። ይህ መልካም ነው፤ ግን ለፈተና የሚመች እውቀት ብቻ ነው። አንድ ደርዳሪ ወይም አንድ የጋሞ አቀንቃኝ ቡድን በዓመት ሁለት ጊዜ ክፍል ውስጥ ቢመጣ፣ ልጆቹም ዝም ብለው እንዲቀመጡ ወይም ክቡ ውስጥ ገብተው እንዲያዜሙ ቢደረግ፣ ከብዙ ገጽ በላይ ይሠራል። ሽሮ ሜዳ ያለ ትምህርት ቤት ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ አቀንቃኞቹ የተማሪዎቹ አባቶች ናቸው።

አዋቂ ሆኖ በገናን መሰማት ለሚፈልግ ሰው የምለው ይህን ነው። አንድ ደርዳሪ፣ አንድ ድርደራ ይምረጥ፤ ያንኑ ይመላለስበት። ቃሉን ያጥና፣ ምክንያቱም በገና ከቃሉ ተነጥሎ ግማሽ ነው። ከቻለ ከመሣሪያው አጠገብ ተቀምጦ ይስማ፤ ያ ንዝረት በስልክ ድምፅ ማጉያ ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። ከሚወደው ሰው ጋር ይቀመጥ፤ አይጠይቀው፣ ይመልከተው። እንባን አያሳድድ፤ በመጀመሪያ የሚመጣው እንባ ሳይሆን የትንፋሽ መርጋት ነው፣ እርሱም ይበቃል። ከደርግ ዘመን በኋላ የበገና ትምህርት በአዲስ አበባ እንደገና አንሰራርቷል፤ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በግል ማሠልጠኛዎች ወጣቶች፣ ሴቶችም በብዛት፣ እየተማሩ ነው። ትምህርቱ በወራት የተወሰነ ኮርስ መሆኑ አይቀርም፤ ጣት በወራት ይሰለጥናል። መስከረም ላይ የጀመረ ተማሪ በታኅሣሥ ጥቂት ድርደራ ይችላል፤ ሆኖም ምንም አልተሰማኝም ብሎ የሚያቆመውም በዚያ ሰሞን ነው። መምህራኑ ቢሰሙኝ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ፤ ተማሪው ከበሮ በሌለበት አንድ ሙሉ ዐቢይ ጾም በገናውን ይዞ ሳያልፍ፣ ይሰማሃል ወይ ብለው አይጠይቁት።